ሌሊቱን ቀን አታድርገው፤ ከቴአትር ቡድን ጋር ሰባት ቀን በሰሜን ሸዋ

ይህን ስጽፍ ከመንገድ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አልፎኛል፤ የካሜራ ቦርሳዬ ግን አሁንም በግ በግ ይሸታል። የሽታውን ነገር ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ። በየካቲት 2011 አንድ አማተር የቴአትር ቡድን ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሰሜን ሸዋ አራት ከተሞች ተውኔቱን ሊያሳይ ሲወጣ፣ ፎቶ አንሺ ሆኜ አብሬ ወጣሁ። ደመወዝ የለውም። መኪና፣ አልጋና እንጀራ በእነሱ፣ ካሜራና ድካም በእኔ። እንጀራዬ ሠርግና ምርቃት ማንሳት ነው። ሠርግ ላይ ሲጨልም ፍላሽ ትሰካለህ፣ ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትስቃላችሁ፣ ትደግማለህ። ቴአትር ላይ ፍላሽ የለም፤ "እስቲ አንዴ ድገሙልኝ" የሚባል ነገርም የለም። ይህን ከቤቴ ስወጣ የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ተውኔቱ የአንድ ሰዓት ተኩል ነው። ልጇ አረብ አገር ሄዶ የጠፋባት እናት፣ መሬቱን ለመሸጥ የቸኮለ ታናሽ ልጅ፣ መሃል ላይ አንድ ሠርግ፣ መጨረሻው ሌሊት። ሰባት ተዋንያን፣ አንድ አዘጋጅ፣ አንድ የመብራት ልጅ፣ አንድ ሾፌር፣ እኔ። ስም አልጠራም። ግማሾቹ ቀን ቀን መሥሪያ ቤት የሚገቡ ናቸው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ለአለቆቻቸው ታመው ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19፤ ከላምበረት ወደ ደብረ ብርሃን

ቡድኑ በኪራይ ሃይሩፍ ማለዳ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ሌንስ የሚያከራየኝ ሰው ሱቁን የከፈተው አራት ሰዓት ላይ ነው። ከ70 እስከ 200 የምትስብ፣ ኤፍ 2.8 የሆነች (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንስ ብዙ ብርሃን ያስገባል) ከባድ ሌንስ፤ ለቀን 300 ብር፣ መያዣ 5,000 ብርና መታወቂያዬ። ከእሷ ሌላ የራሴ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ሃምሳዋ፣ አለች፤ ኤፍ 1.8፣ ቀላል፣ ርካሽ፣ ሠርግ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያያት።

ላምበረት መናኸሪያ ለደብረ ብርሃን 75 ብር ከፈልኩ። ለቦርሳው 20 ብር ሲሉኝ ጭኔ ላይ አድርጌ አተረፍኳት። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሸኖን ስናልፍ መስኮት የከፈተ ሁሉ ዘጋ፣ ጫጫ ስንደርስ ጋቢ የያዘ ሁሉ ጋቢውን አወጣ። እኔ ጋቢ አልያዝኩም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ብዙም የማትርቅ ከተማ እንዲህ ትበርዳለች ብሎ የሚገምት የለም። አልጋ በ200 ብር ያዝኩ። "ሙቅ ውሃ አለው?" ስላት "አለው እንጂ" ያለችኝ ልጅ ማታ በባልዲ ይዛልኝ መጣች፤ አልዋሸችም። አልጋው ላይ ሦስት ብርድ ልብስ ተደራርቧል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለው ከተማ ውስጥ መሆኔን ያስታወሰኝ ክብደታቸው ነው። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማዋን የቆረቆሩት ከሰማይ ብርሃን ቢታያቸው ነው ይባላል። ብርሃን የቸገረው ሰው ከዚህ መጀመሩ ደግ ነው እያልኩ ከሦስቱ ሥር ገባሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ማታ 12 ሰዓት ላይ የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ደክሞኛል ብዬ ቀረሁና ጥብስ በላሁ፤ 110 ብር፣ የመንዝ በግ ነው አሉኝ፣ ሥጋውም አላሳፈራቸውም። የቴአትር ፎቶ ዋናው ሥራ ያለው በዚያ ልምምድ ላይ እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው። ልብሱ ሙሉ ነው፣ መብራቱ ሙሉ ነው፣ የምትረብሸው ተመልካች የለም፣ እስከ መድረኩ ጫፍ ትጠጋለህ። ከሁሉ በላይ ማን የት እንደሚቆም፣ መብራቱ መቼ እንደሚወርድ አይተህ ትወጣለህ። እኔ ተውኔቱን አንዴም ሳላየው ላነሳው ገባሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 20፤ ደብረ ብርሃን

የጾም ቀን። ምሳ ተጋቢኖ በ40 ብር፤ እኛ ሰፈር ያኔ 55 ነበር፣ ሽሮውም እንዲህ አይንተከተክም። የገብስ ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ የሸጠችኝ ሴት ጃኬቴን አይታ "ይሄ ነው ልብስህ?" አለችኝ።

ትርዒቱ 11 ሰዓት ተኩል ተባለ፣ 12 ከሩብ ላይ ተጀመረ። ያን ሁሉ ጊዜ በር ላይ ስንጎራደድ ካሜራው በረዶ ሆኗል። አዳራሹ ደግሞ በሰው ትንፋሽ ሞቋል። ገብቼ የሌንሱን ክዳን ስከፍት መስታወቱ በአንድ ጊዜ ጉም ለበሰ። ጠረግሁት፣ መልሶ ለበሰ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ስጠርግ አሳለፍኩ። መጥረግ አይፈይድም። ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ወደ ሙቁ ክፍል አስገብቶ ቀስ በቀስ እንዲሞቅ መተው ነው መላው። ባትሪም ብርድ ይፈራል። ሲጀመር 60 በመቶ ይል የነበረው ድንገት ቀይ አበራ፤ አውጥቼ ብብቴ ሥር ሳቆየው ነፍስ ዘራ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ መለዋወጫዎቹ ባትሪዎች የሸሚዝ ኪሴ ውስጥ አደሩ።

ትልቁን ስህተት ግን ያን ጊዜ አላየሁትም። የብርሃኑን ልኬት ለካሜራው ትቼለት ነበር። ካሜራ ፊቱ ያለውን ሁሉ አጣፍቶ አማካይ ግራጫ ማድረግ ይወዳል። መድረኩ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ጨለማ ሲሆንበት "ጨልሟል" ብሎ ይፈርድና ብርሃን ይጨምራል። ያን ጊዜ ጨለማው የወጥ ቤት ጭስ ይመስላል፣ የተዋናይዋ ፊት ደግሞ ወረቀት ይሆናል። እኔ በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ ስክሪን እያየሁ "ጎሽ! ቀን መሰለ" እያልኩ ነበር።

ከፊት የተቀመጡ አንድ የክብር እንግዳ ትከሻዬን ነካ አድርገው "አንተ ልጅ፣ ፍላሽ የለህም እንዴ?" አሉኝ። እዚህ አይበራም ስላቸው ስልካቸውን አውጥተው ራሳቸው ቦግ አደረጉት። እናቲቱ በዚያች ቅጽበት እያለቀሰች ነበር። ለቅሶዋ አልተሰበረም፤ ዓይኗም አልተርገበገበም።

ማታ ላፕቶፑን ከፍቼ ለአዘጋጁ አሳየኋቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ስልሳን የተሻገሩ፣ በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን የጀመሩ ሰው ናቸው። ሃያ ያህሉን ዝም ብለው አዩና "ይሄ የቱ ትዕይንት ነው?" አሉ።

"መጨረሻው ነው ጋሼ፤ ሌሊቱ።"

"ይሄ ልጅ" አሉ ወደ መብራቱ ልጅ በአገጫቸው እያሳዩ፣ "ሦስት ወር ሙሉ ሌሊት ሲሠራ ከረመ። አንተ በአንድ ምሽት ቀን አደረግኸው።"

የመብራቱ ልጅ አንድም ቃል አልወጣውም። ቢራውን ትንሽ ከፊቱ ገፋ አደረገው። ከጋሼ ንግግር ይልቅ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ፤ ሦስቱ ብርድ ልብስም አልረዱኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 21፤ በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና

በማግስቱ መኪናው ውስጥ ሆን ብዬ ከመብራቱ ልጅ ጎን ተቀመጥኩ። እስከ ጣርማ በር ስለ ኩበት ክምሩና ስለ ብርዱ ብቻ ነው ያወራነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ግን ክንዴን ያዘኝ።

"ምን ይታይሃል?"

"ምንም።"

ትንሽ ቆየ። "አሁንስ?"

የዋሻው ግድግዳ ታየኝ፤ እርጥበቱ፣ ከፊታችን ያለው አይሱዙ ላይ የተጫነው ከረጢት።

"ተመልካቼም እንደዚህ ነው" አለ። "መብራቱን ሳወርደው መጀመሪያ ይጠፋበታል፣ ከዚያ ዓይኑ ይለምዳል። ያንተ ካሜራ አይለምድም። አንተ ነህ የምትነግረው።"

ዋሻውን እንደወጣን መሬቱ ያልቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ አፋፍ ላይ ቆመህ ቁልቁል ስታይ መንገዱ እንደ ተጣለ መቀነት ይጠማዘዛል፣ ጉሙ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ጭላዳዎች መንገድ ዳር ሣር ይነጫሉ፤ ለመኪናም ለጥሩንባም ግድ የላቸውም። ሾፌራችን እስከ ደብረ ሲና ድረስ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ወረደ። የፍሬኑ ሽታ ግን አብሮን ወረደ።

ደብረ ሲና መኪናው ሳይቆም ቆሎ በመስኮት ይገባል። ስንቱን እንደገዛን አላውቅም፤ በየወንበሩ ኪስ ሙሉ ሆነ።

ማታ አዳራሹ ትንሽ፣ መብራቱ ሁለት አሮጌ ፓውዛና ለሌሊቱ የሚሸፈንበት ሰማያዊ ፕላስቲክ ነበር። ዛሬ ልኬቱን ከካሜራው ነጥቄ በእጄ ያዝኩት። ግን በምን ልለካ? የኛ ተዋናይ ነጭ ለባሽ ነው፤ ጋቢ፣ ነጠላ፣ የአበሻ ቀሚስ። በፊቱ ብትለካ ጋቢው ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ይሆናል፣ ማለትም ይቃጠላል፣ በጋቢው ብትለካ ፊቱ ይጠፋል። ወደ ጋቢው አደላሁ። የጥለቱ መስመርና የጨርቁ እጥፋት እስኪታይ ድረስ ዝቅ አደረግሁና እዚያው ቆለፍኩት፤ ኤፍ 2.8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሴኮንድ፣ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ንቃት) 3200። ራው፣ ማለትም ካሜራው ያልነካካውን ጥሬ ፋይል፣ ስለማነሳ የጠቆረ ፊት በኋላ በኮምፒዩተር ትንሽ ከፍ ይላል። የተቃጠለ ነጭ ግን ማንም አይመልሰውም። የቀለሙንም ሙቀት 3200 ኬልቪን ላይ አሰርኩት። ትናንት ለካሜራው ትቼለት አንዷን ፎቶ ቢጫ፣ ቀጣይዋን ሰማያዊ እያደረገ አበሳዬን አሳይቶኛል።

ሠርጉ ላይ ችግር መጣ። በ1/125 የቆመ ሰው ይያዛል፣ የሚራመድም እንደ ነገሩ ይያዛል፤ እስክስታ ግን አይያዝም። ሙሽራው ፊቱ ጥርት ብሎ ትከሻው ግን እንደ ተፈታ ጥጥ ሆነ። ደግነቱ በሠርጉ መብራቱ በሙሉ ስለሚበራ ሹተሩን ወደ 1/320 ማፍጠን ቻልኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ትከሻቸው ከተያዘባቸው ይልቅ ያቺ ጥጥ የመሰለችው ፎቶ ትበልጣለች። የተያዘው ትከሻ ያመመው ሰው ይመስላል።

ሌላም ነገር ያን ማታ ገባኝ። ተዋናይ እየተናገረ እጁም ራሱም ይሄዳል። ንግግሩን ሲጨርስ፣ ሌላው ከመመለሱ በፊት፣ አንዲት ትንፋሽ ያህል ይቆማል። እዚያች ላይ 1/60 እንኳን ይበቃል። ለዚህ ግን ቃለ ተውኔቱን ማወቅ አለብህ፤ እኔ ደግሞ ገና ሁለተኛዬ ነው። ማታ ጽሑፉን ከጋሼ ተውሼ በ150 ብር አልጋዬ ላይ ከቁንጫ ጋር እየታገልኩ አነበብኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 22፤ ሸዋ ሮቢት

ከደብረ ሲና በታች ጃኬት ወለቀ፣ ሹራብ ወለቀ፣ ከመሃላችን አንዱማ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ሴቶቹ ጮኹበት። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሌላ አገር የገባን መሰለን። ትናንት ጠዋት ጥርሳችን ይንቀጫቀጭ ነበር፣ ዛሬ ከአጎበርና ከቬንትሌተር ጋር ድርድር። የፓፓያ ጭማቂ 15 ብር፤ ማንኪያው ይቆምበታል። ጾም የሆነበት ዓርብ እንደዚህ ከሆነ አላማርርም።

አዳራሹ አዲስ መብራት ገዝቷል፤ ነጭ የኤልኢዲ ፓውዛ። አስተናጋጆቻችን በኩራት አበሩልን። ብርሃኑ ሲያዩት የሞላ የደላ ነው። እኔም ካሜራዬን ድምፅ አልባው ሹተር ላይ አድርጌ፣ ወንበሬን መሃል ላይ ይዤ፣ ስክሪኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ የመጀመሪያውን ገቢር በሙሉ አነሳሁ። 412 ፎቶ። በዕረፍቱ ከፍቼ ሳይ ሁሉም ላይ አግድም አግድም ጥቁር መስመር ወርዷል። እናቲቱ የሜዳ አህያ መስላለች።

ላብ በላብ ሆኜ ወደ መብራቱ ልጅ ሮጥኩ። አየውና ሳቀ፤ ከደብረ ብርሃን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ዙር ይመላለሳል፤ ርካሽ ፓውዛና ረጅሙ የሸንበቆ አምፖል ከእሱ ጋር በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አይደርስበትም። ድምፅ አልባው ሹተር ግን ሥዕሉን በአንድ ጊዜ አያነሳውም፤ ከላይ ወደ ታች በረድፍ በረድፍ ያነበዋል። መብራቱ ደመቅ ሲል የተነበበው ረድፍ ይበራል፣ ደብዘዝ ሲል የተነበበው ይጨልማል። ስለዚህ ወደ ዋናው ሹተር መመለስ፣ ፍጥነቱንም 1/100 ወይም 1/50 ማድረግ፤ ያን ጊዜ አንድ ሙሉ ደመቅ ደብዘዝ ውስጡ ይገባል። ሠርግ ላይ ይህን ያህል ዓመት ስሠራ አልገጠመኝም፤ ድምፅ አልባ መሆን አስፈልጎኝ አያውቅማ።

ችግሩ ዋናው ሹተር "ጠቅ" ይላል። ጸጥ ባለ አዳራሽ ያቺ ጠቅ በር እንደ መዝጋት ናት፤ ከፊቴ ያሉ አንድ አባት ሁለት ጊዜ ዞረው አዩኝ። ከዚያ በኋላ በሳቅ፣ በጭብጨባ፣ በዘፈንና በጭቅጭቅ መሃል ብቻ መጫን ጀመርኩ። በሁለተኛው ገቢር ያነሳሁት 90 አይሞላም። ከጉዞው ሁሉ ለቡድኑ የሰጠሁት አብዛኛው ከእነዚያ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 23፤ ወደ መሐል ሜዳ

የዓድዋ በዓል ነው። መሐል ሜዳ ለበዓሉ እንድንደርስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ያን ቁልቁለት መልሰን ወጣን፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ታጠፍን። ጃኬትና ሹራብ ተመለሰ። ብዙም ሳንርቅ ጎማ ፈነዳ። ትርፉ ጎማ ሲወርድ እሱም ተንፍሷል። ሾፌሩን ማንም አልተናገረውም፤ አስተያየታችን በቂ ነበር። ጎማውን በመጣ አይሱዙ ጭኖ ወደ ጎሚስታ ሄደ።

ሁለት ሰዓት ተኩል በዚያ ነፋስ ውስጥ ቆየን። በርኖስ የለበሱ ሁለት እረኞች መጥተው ዝም ብለው አዩን። ከዚያ አንደኛው ሄደና ከእናቱ ጋር ተመለሰ፤ በሶና በጣሳ ጠላ ይዘው። ብር ብንሰጥ "በበዓል ቀን?" ብለው ተቆጡን። ጋሼ መኪናውን ከለላ አድርገው ስለ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያወሩን ጀመር። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት እሳቸው የዚሁ የሰሜን ሸዋ፣ የሲያ ደብር ልጅ ናቸው። በእንስሳት ተረት ሹማምንቱን የነካው ተውኔታቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከልክሏል። "ታዲያ እኛ ጎማ ቢፈነዳብን ምን ይደንቃል" አሉ ጋሼ። ጎሚስታው 150 ብር፣ አይሱዙው መመለሻ 100 ብር።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ሰልፉ አልቆ ነበር። ፈረሶች በየደጁ ታስረው፣ ሕፃናት በካርቶን ጋሻ ሲዋጉ ብቻ ደረስንበት።

ያረፍነው ጠላ በሚሸጡና ሦስት ክፍል በሚያከራዩ አንዲት አሮጊት ቤት ነው፤ ለሰው 80 ብር፣ የመንዝ ባና ጭምር። እማማ ነው የምንላቸው። ለሌሊቱ ትዕይንት የሚሆነውን የጎጆ ጣሪያ እዚያው ሠራነው፤ የጓሳ ሣር ያገኘነው ከፈረሰ የእማማ ጓዳ ነው። ጋሼ "ትንሽ አጭደን እናምጣ" ሲሉ እማማ እንደ ስድብ ቆጠሩት። የጓሳን ሜዳ የአገሬው ሰው ቄሮ በሚባል የቆየ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው ብዙ ትውልድ አልፏል፤ ሣሩ የሚታጨደው ሲፈቀድ ነው እንጂ ቴአትር መጣ ተብሎ አይደለም።

ትርዒቱ በ12 ሰዓት ተኩል ተጀመረ። አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። እስከ ሠርጉ ድረስ ሁሉ ነገር ሰላም ነው። ሌሊቱ ገብቶ እናቲቱ ብቻዋን በርጩማ ላይ እንደተቀመጠች መብራት ሄደ። የመድረኩ አይደለም፣ የከተማው።

ሰው መጀመሪያ የተውኔቱ አካል መስሎት ጸጥ አለ። ከዚያ ስልኮች ተራ በተራ በሩ። የሰውን ፊት ከፊት ለፊት የሚመታ ነጭ ብርሃን፤ እናቲቱ የመታወቂያ ፎቶ የምትነሳ ይመስል ደረቀች። ከወንበሮቹ መሃል የእማማ ድምፅ ተሰማ። "አጥፉት! ዓይኗን አታጥፉት!" የልጅ ልጃቸውን ላኩ። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ልጅቷ የቤታቸውን ፋኖስ እያበራች መጣች፣ መድረኩ ላይ ወጥታ ከበርጩማው አጠገብ አስቀምጣ ወረደች። ማንም አልሳቀም። እናቲቱም ጎረቤት መብራት ያመጣላት ያህል "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ቀጠለች። ይህ ቃል ጽሑፉ ውስጥ የለም፤ አንብቤዋለሁ።

ከባዷን ሌንስ አስቀመጥኳት። በዚህ ጨለማ ኤፍ 2.8 ምንም አትሠራም፤ ሃምሳዋ በኤፍ 1.8 ከሁለት እጥፍ በላይ ብርሃን ታስገባለች። ወደ ግድግዳው ተጠግቼ በጉልበቴ ተንበረከክሁ፤ ሹተር 1/50፣ አይኤስኦ 6400፣ ትንፋሼን ይዤ። ፎከሱ በራሱ ሲፈልግ ወዲያ ወዲህ ስለሚዋዥቅ በእጄ አደረግሁት።

የትንሽ መብራት ጠባይ አለው፤ ወደ እሱ ርቀትህን በግማሽ ብታሳጥር ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆንብሃል። ተዋናይዋ ይህን በቁጥር አታውቀውም፤ በፊቷ ግን አወቀችው። ተስፋ ስትቆርጥ ወደ ኋላዋ ትደገፋለች፣ ፊቷ ይጠፋል፣ ድምፅዋ ብቻ ይቀራል። የልጇን ስም ስትጠራ ወደ ፋኖሱ ታጎነብሳለች፣ ግማሽ ፊቷ ከጨለማው ይወጣል። እኔ ሥራዬ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ስትጠጋ ዝግጁ መሆንና ስሙን ተናግራ የምትቆምባትን ትንፋሽ መጠበቅ። በ40 ደቂቃ 31 ፎቶ። ጠቅታዬን ማንም አልሰማም፤ ወይም ሰምተው ዝም አሉኝ።

የመብራቱ ልጅ እጁን አጣጥፎ ከጎኔ ቆሞ ያይ ነበር። ሲያልቅ "ሦስት ወር" ብቻ አለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 24፤ ቅበላ

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ጓሳ ሄጄ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አያለሁ ብዬ ነበር፤ በጉ አሸነፈ። አዋጥተን በ2,100 ብር ገዛን። አዲስ አበባ ለፋሲካ ከዚህ ያነሰ በግ 3,500 ተብዬ አውቃለሁ። ዱለት፣ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ጠላ፣ ከዚያ አረቄ። የእማማ ቤት የገባ ጎረቤት ሁሉ ለእናቲቱ ጉርሻ ካላጎረሰ አይወጣም፤ "ልጅሽ ይመጣል" የሚላትም ነበር።

የካሜራ ቦርሳዬን ዕቃ እንዳይጠፋ ብለው እማማ ጓዳ ውስጥ ቆለፉልኝ። ጓዳው ውስጥ የበጉ ቆዳ ከነጨውና ከነእርጥበቱ ተዘርግቶ ነበር። ቦርሳው ከላዩ አደረ።

ማታ ፎቶዎቹን በካሜራው ስክሪን ለእማማ ላሳያቸው ሞከርኩ። "ዓይኔ አያየውም ልጄ፣ በወረቀት ላክልኝ" አሉ።

ሰኞ፣ የካቲት 25 እና ከዚያ በኋላ

ስለ መመለሻው የምለው የለኝም፤ ሁሉም ተኝቷል። ሌንሷን ስመልስ ባለቤቱ አሸተታትና አየኝ፤ መያዣዬን ግን መለሰልኝ።

ፒያሳ አንዷን በትልቅ ወረቀት በ140 ብር አሳተምኩ። ግማሽ ፊት፣ የነጠላው ጥለት፣ ቀሪው ጥቁር። ጋሼ አይተውት "ይሄስ ሌሊት ነው" አሉ። ከካርቶን ጋር አሽጌ ለእማማ እንዲያደርስልኝ ላምበረት ላይ ለመሐል ሜዳ አውቶቡስ ሾፌር ሰጠሁት።

በአምስተኛው ቀን የልጅ ልጃቸው ደወለች። "እማማ ተመስገን ብላለች። ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ግን ፋኖሴ የታለች ትልሃለች።"

እውነት ነው፤ ፋኖሱን ከፎቶው አውጥቼዋለሁ። ብርሃኑ እንጂ መብራቱ እንዳይታይ ብዬ ነው የቆረጥኩት። 31ዱን እንደገና አንድ በአንድ አየሁ። በአንዷ ብቻ ፋኖሷ ሙሉ ትታያለች፤ ተዋናይዋ ስትነሳ ስለነበር ፊቷ ተደበላልቋል፣ የፋኖሱ መስታወትም ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል። እሷን አሳትሜ ትናንት ላክሁ።